ኮንኬቩን ከመግዛትዎ በፊት አራት ቦታ ይለኩ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የመጣሁት ከኢተያ ነው። ለጊዜው አዲስ አበባ፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ አልጋ ይዤ የኮምባይነር መለዋወጫ እያፈላለግሁ ነው። ማሽኑ የእኔና የወንድሞቼ ነው፤ አሮጌ ነው። ዘንድሮ ስንዴውን ይሰባብራል። ደግሞ ያልተወቃ ዛላም ከገለባው ጋር ይጥላል። አምና ድንጋይ ገብቶበት ነበር፣ ተስተካክሏል። ኦፕሬተሩ ኮንኬቩም ራስፕ ባሩም ይለወጥ ይላል። ሶማሌ ተራ የነገሩኝ ዋጋ አስደነገጠኝ። ምን ልግዛ? የትስ ይሻላል?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ገንዘቡን ለጊዜው ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት። ደብዳቤዎን ሳነብ ቆም ያደረገችኝ በመሃል ጣል ያደረጓት አንዲት ነገር ናት፤ «አምና ድንጋይ ገብቶበት ነበር፣ ተስተካክሏል» ያሏት። እኔ አልተስተካከለም ባይ ነኝ።

ምክንያቴን ላስረዳ። በመውቂያው ከበሮና ከሥሩ ባለው ኮንኬቭ (እህሉ እየታሸ የሚወቃበት ጎባጣ ወንፊት) መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ስንዴው ይሰበራል። ሲሰፋ ዛላው ሳይወቃ ያልፋል። ማሽኑ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢያጠፋ ክፍተቱን የሚያጠብበውንና የሚያሰፋውን ማንሻ ነካ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል። የእርስዎ ግን ሁለቱንም ጥፋት በአንድ ጊዜ ያጠፋል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ክፍተቱ በአንድ ጎን ጠቦ በሌላው ጎን ሲሰፋ ነው። ድንጋይ ሲገባ ደግሞ ኮንኬቩን አንጠልጥለው የያዙትን ዘንጎች ያጎብጣል፤ ወይም ዳዶዎቻቸውን ከቦታቸው ያንሸራትታል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን አይታይም። ማሽኑ ይነሳል፣ ይሠራል፣ «ተስተካከለ» ይባላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ልገምት። ኦፕሬተሩ ከኋላ ያልተወቃ ዛላ ሲያይ ኮንኬቩን በማንሻው አጠበቀው። አልሻል ሲለው የከበሮውን ፍጥነት ጨመረ። ማንሻው ግን የሚያነሳው ሁለቱንም ጎን እኩል ነው። ሰፊው ጎን ትንሽ ሲሻለው ጠባቡ ጎን ስንዴውን መፍጨት ጀመረ። ያለቀ ራስፕ ባር (ከበሮው ላይ የታሰረው ባለ ጥርስ ብረት) እና የሚንሸራተት ቺንጊያም ዛላ ሳይወቃ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ሆኖም ድንጋይ በበላ ማሽን ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የኮንኬቩን መዛነፍ ነው። እሱን ለማወቅ ደግሞ ከጥቂት ብር በላይ አያወጡም።

መሃል አዲስ አበባ ነዎት። ተክለ ሃይማኖት ወይም አብነት አካባቢ ከሚያገኙት ብየዳ ቤት ገባ ይበሉና የፌሮ ቁራጭ ይጠይቁ። ባለ 8፣ ባለ 10፣ ባለ 12 እና ባለ 14 (ቁጥሩ ውፍረቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር)፤ ከእያንዳንዱ ክንድ የሚያህል አንድ አንድ ይበቃል። ባለ 6 ቶንዲኖም (ለስላሳውን ቀጭን ብረት) ይጨምሩ። መለኪያዎ ይኸው ነው። ፌሮ በላዩ ሽንትር ስላለው ውፍረቱ ከስሙ ትንሽ ይበልጣል፤ አይጨነቁ። ከሁሉ በፊት ማወቅ የምንፈልገው ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለመሆኑን ነው።

አገርዎ ሲገቡ ሞተሩን ያጥፉ። ቁልፉን ነቅለው ኪስዎ ይክተቱት፤ ኦፕሬተሩ እጅ ላይ አይተዉት። ከበሮው ፈጽሞ መቆሙን ሳያዩ ምንም አይንኩ። ማንሻውን ለስንዴ በሚሠሩበት ቦታ ላይ ያድርጉት። በብዙ ማሽኖች በግራም በቀኝም ጎን መመልከቻ ክዳን አለ፤ ሁለቱንም ይክፈቱ። ከበሮው ላይ ከታሰሩት ባሮች ቀጥ ያለውንና ከሌሎቹ ወጣ ያለውን ይምረጡና በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። ከበሮውን በእጅ እያዞሩ ሁልጊዜ በዚያው ባር ነው የሚለኩት። ባሮቹ እኩል ስላላለቁ አንዱን ቦታ በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ባር ቢለኩ ልኩ ያሳስትዎታል። ፌሮውን ከማስገባትዎ በፊት ከበሮው እንዳይዞር በእንጨት ይደግፉት፤ ጣት የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው።

አሁን አራት ቦታ ይለኩ። እህሉ በሚገባበት በፊት በኩል ግራና ቀኝ፣ ገለባው በሚወጣበት በኋላ በኩል ግራና ቀኝ። በየቦታው ሳይላላም ሳይታገልም የሚያልፈው የትኛው ፌሮ እንደሆነ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ፊቱ ከኋላው ሰፋ ማለቱ ትክክል ነው፤ እንዲያ ነው የተሠራው። ትክክል የማይሆነው የፊት ግራው ባለ 14 አሳልፎ የፊት ቀኙ ባለ 10 አላሳልፍ ሲል ነው። በግራና በቀኝ መካከል ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት እንዲኖር አልፈልግም። ያን ያህል ቀጭን ልዩነት ሲሆን የፌሮው ቁጥር አይነግርዎትም፤ እጅዎ ይንገርዎት። ያው አንዱ ፌሮ በሁለቱም ጎን እኩል መላላት ወይም እኩል መያዝ አለበት።

ልዩነት ካገኙ ማስተካከያው እዚያው ኮንኬቩ የተንጠለጠለበት ዘንግ ላይ ነው። መቆለፊያውን ዳዶ ያላሉ፤ ሰፊው ጎን ከፍ እንዲል ማስተካከያውን ግማሽ ዙር ብቻ ያዙሩና እንደገና ይለኩ። አትቸኩሉ። ግማሽ ዙር፣ መለካት፣ ግማሽ ዙር፣ መለካት። ዳዶው ዝጎ እምቢ ካለ ማታ ናፍጣ ነክረውበት ይደሩ፤ በመዶሻ አይደብድቡት። አራቱ ቦታ ሲስተካከል መቆለፊያዎቹን አጥብቀው ለመጨረሻ ጊዜ ይለኩ፤ ሲያጠብቁት ሊሸሽ ይችላል። ለስንዴ መነሻ እንዲሆንዎት ፊቱን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ ኋላውን የዚያን ግማሽ ያህል ይያዙ። የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ካለዎት ግን ከእኔ ይልቅ እሱን ይስሙ።

ከዚያ ማሳ ላይ ጥቂት አስኬደው ያቁሙት። ከታንከሩ እፍኝ ስንዴ አንሥተው 100 ፍሬ ይቁጠሩ። የተሰበረው ከሁለት ከሦስት ፍሬ ካለፈ የከበሮውን ፍጥነት ትንሽ ይቀንሱ። ከኋላ የወደቀውን ዛላም አንሥተው በመዳፍዎ ይሹት፤ ፍሬ ከያዘ ክፍተቱን በማንሻው ትንሽ ያጥብቡ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይንኩ። ፍጥነቱንም ክፍተቱንም አብረው ከነኩ የትኛው እንዳሻለ ወይም እንዳበላሸ አያውቁም።

አሁን ቅር ሳይልዎ አንድ ነገር ልናገር። በየዓመቱ የማየው ልማድ ነው። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ስንዴው እርጥብ ስለሆነ ኦፕሬተሩ ክፍተቱን ያጠብቃል። ልክ ነው። ግን ስድስት ሰዓት ሲሆን ያው ስንዴ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤ ማንሻው ግን ጠዋት የተቀመጠበት ነው። ያን ጊዜ የተስተካከለ ማሽን እንኳ ይሰብራል። ኦፕሬተሩ በኩንታል ስለሚከፈለው ለመቆም አይፈልግም፤ ይገባኛል። ግን የተሰባበረ ስንዴ ነቀዝ ቶሎ ይገባዋል፣ ነጋዴም ዋጋ ይጥልበታል፣ ለዘርም አይሆንም። የሚከስረው የስንዴው ባለቤት ስለሆነ፣ ቀትር ላይ አቁሞ እፍኝ እንዲያይ ማዘዝ ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

ስለ ድንጋዩም ትንሽ ልጨምር። ብዙ ኮምባይነሮች ከኮንኬቩ ፊት ድንጋይ የሚወድቅበት ገንዳ አላቸው። ገንዳው በአፈርና በገለባ ከተጠቀጠቀ ድንጋዩ የሚወድቅበት ስለማያገኝ በቀጥታ ከበሮው ውስጥ ይገባል። የአምናው ድንጋይ የገባው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ማሽኑ ገንዳው ካለው በየቀኑ ሥራ ሳይጀመር፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ይጠረግ።

የት ይሻላል ላሉት፣ ከሱቁ ይልቅ ይዘውት የሚሄዱት መረጃ ይበልጣል። ደብዳቤዎ ማሽኑ ክላስ ይሁን ኒው ሆላንድ፣ ጆን ዲር ይሁን ላቬርዳ አይነግረኝም። ሞዴሉንና የተሠራበትን ዓመትም አልጻፉልኝም። ሻጩም ይህን ካላወቀ የሚሰጥዎ በግምት ነው። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የብረት ሰሌዳ ወንድምዎ በስልክ አንሥቶ ይላክልዎ። ቺንጊያ ከሆነ በጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ ባር ከሆነ አሮጌውን ራሱን ይዘው ይምጡ። በተለይ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በግምት ገዝቶ መሳሳት ከባድ ኪሳራ ነው።

ባሮቹ በእርግጥ አልቀው ከሆነም አንድ ብቻ ገዝተው እንዳያስሩ። ከበሮው በፍጥነት ስለሚሽከረከር፣ አዲሱ ባር ትይዩው ካለው አሮጌ ባር ከከበደ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታውንም ይበላል። ሁልጊዜ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ አብረው ይለወጣሉ፤ ክብደታቸውም አንድ ይሁን። ጥርሳቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ሁለት ዓይነት ባር ስላለ፣ ሲገዙ አሮጌው የትኛው እንደነበር ያስተያዩ። አዲስ ባር ከታሰረ ደግሞ አራቱ ቦታ እንደገና ይለካል።

ዘንጉን አስተካክለው ግራና ቀኙ እኩል አልሆን ካለ፣ ወይም ዳሩ እኩል ሆኖ መሃሉ ላይ ፌሮው ከያዘ፣ ኮንኬቩ ራሱ ጠምሟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ኦፕሬተሩ እውነቱን ነው። የአራቱን ቦታ ልክ፣ የሰሌዳውንና የባሮቹን ፎቶ ይላኩልኝ፤ ኮንኬቩ ይቃና ወይስ ይገዛ የሚለውን ያን ጊዜ አብረን እንወስናለን።