ቃሊቲ ላይ ስለ አገራችን የውጭ ንግድ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በቃሊቲ አካባቢ ለብዙ ዓመታት በጉምሩክ አስተላላፊነት ሠርቻለሁ። ከሰፈሩ አስመጪዎች፣ ላኪዎችና ተማሪዎች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የምሰጠው መልስ የሚከተለው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአጎዋ ዕድል እንዴት እንዲያ በቀላሉ ተወሰደብን?

መልስ፦ አጎዋ፣ ማለትም ብቁ የተባሉ የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደው ዕድል፣ ሁለት ወገን ተደራድሮ የፈረመው ውል ሳይሆን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ለብቻዋ ያወጣችው ሕግ በመሆኑ፣ ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከተጠቃሚነት ስትወጣ ይግባኝ የምንልበት ዳኛ አልነበረም። ቻይና ከታኅሣሥ 1 ቀን 2024 ጀምሮ እጅግ ላላደጉ አገሮች የፈቀደችው ዜሮ ቀረጥም በጠባዩ ከዚህ አይለይም፤ ሰጪው ሲፈልግ ሊያነሳው ይችላል።

ጥያቄ፦ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ብንሆን ዳኛ እናገኛለን?

መልስ፦ በከፊል። ድርጅቱ የአባላቱን ክርክር የሚዳኝበት ሥርዓት አለው፤ ነገር ግን ማመልከቻችን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሂደት ላይ ሲሆን፣ የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ አካልም ከታኅሣሥ 2019 ወዲህ ዳኞች አጥቶ ሥራ አቁሟል።

ጥያቄ፦ እነ ብራዚል፣ ሩሲያ፣ ሕንድና ቻይና ያሉበት ስብስብ፣ ብሪክስስ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ገብተናል፤ ይሁን እንጂ ነፃ የንግድ ቀጣና ስላልሆነ አባልነቱ ቀረጥ አያስቀንስም።

ጥያቄ፦ አቃቂ የምናመርተውን ጫማ በአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና በኩል ናይሮቢ ብንልክስ?

መልስ፦ ዋናው ፈተና የስሪት አገር ደንብ፣ ማለትም ዕቃው የየትኛው አገር ምርት ተብሎ እንደሚቆጠር የሚወስነው ደንብ ነው። ቡናና ቦሎቄ ከመሬታችን ስለሚበቅሉ ማስረጃቸው አያስቸግርም፤ ሶሉና ማጣበቂያው ከውጭ የመጣ ጫማ ግን እዚህ በቂ የለውጥ ሥራ እንደተሠራበት በሰነድ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ጥሬ ዕቃ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ ሰነድ) እና ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ካርቶን ቀይሮ «የኢትዮጵያ ምርት» ብሎ መጻፍ አይበቃም ወይ ያሉኝ ሰው ነበሩ፤ አይበቃም ብቻ ሳይሆን ያስከስሳል።

ጥያቄ፦ ከጅቡቲ ሌላ ወደብ ብናገኝ ዕቃ ይረክሳል?

መልስ፦ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ንግዳችን በጅቡቲ ስለሚያልፍ አማራጭ ማግኘት የመደራደር አቅም ይሰጣል። ሆኖም የምናስገባው ከምንልከው እጅግ ስለሚበልጥ፣ በእንዶዴ የባቡር ጣቢያም ሆነ በሞጆ ደረቅ ወደብ ከተራገፉት ኮንቴነሮች ብዙዎቹ ባዷቸውን ወደ ባሕር ይመለሳሉ፤ ወደቡ የሶማሌላንዱ በርበራም ይሁን የኬንያው ላሙ፣ የባዶው ጉዞ ሒሳብ የሚጨመረው በገባው ዕቃ ዋጋ ላይ ነው።