ከራሽን ወዲያስ? ስለ ስደተኞችና ተቀባይ ማኅበረሰብ ጥያቄና መልስ

በስደተኛ መጠለያዎች አካባቢ፣ በኑሮ ማሻሻያ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ መልሱ።

ጋሼ፣ እኛው ሥራ አጥተን ተቀምጠን ለስደተኛ ሥራ መፍጠር ቅንጦት አይሆንም?

አልፈርድብህም። ጋምቤላን እይ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ ነበር። ከደቡብ ሱዳን የመጣው ስደተኛ ብቻውን ከ300 ሺህ በላይ ነው። ማገዶው ከዚያው ጫካ ይለቀማል፣ ጤና ጣቢያው ይጨናነቃል። ለስደተኛው ብቻ የሚሠራ ፕሮጀክት እዚያ ጠብ ይጭራል። በዚያው ክልል ኢታንግ ላይ የተዘረጋው ውኃ ግን ከተማውንም መጠለያዎቹንም ያጠጣል። ስደተኛው ባይመጣ ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብ ኢታንግ ይደርስ ነበር ወይ? የኢታንግ ሰው ይፍረደው።

“ግራጁዌሽን” የሚባለውን ነገር በቀላሉ ያስረዱኝ። አዲስ ተቀጣሪ ነኝ፤ ስብሰባ ላይ ሁሌ ይነሳል።

ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ድሃ ቤተሰብን ደረጃ በደረጃ ከድህነት የማውጣት አሠራር ነው። ለድሃው ቤተሰብ መጀመሪያ ቀለብ ወይም ጥሬ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ሆዱ እንዲረጋ። ቀጥሎ መቋቋሚያ ያገኛል፤ ፍየል ሊሆን ይችላል፣ የሻይ ቤት ዕቃም ሊሆን ይችላል። ሥልጠናና ቁጠባ ይከተላል። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞረ የሚከታተል አማካሪ አለ። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ6 አገሮች ተሞክሮ ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ድጋፉ ከቆመ ከዓመት በኋላም የቤተሰቦቹ ኑሮ ድጋፉን ካላገኙት የተሻለ ነበር።

በጀት ሲጠብ ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው አማካሪው ነው። በዚህ ጉዳይ ከለጋሾች ጋር ተከራክሬ አልጠግብም። ራሽን፣ ማለትም ለስደተኛው የሚታደለው ቀለብ፣ ዘገየ እንበል። እናትየው ልጆቿ ሲርባቸው ፍየሏን እየጎተተች ገበያ ትወጣለች። “ቆይ፣ ከቁጠባ ቡድኑ ተበደሪና እስኪመጣ ያዢያት” የሚላት ሰው ካለ ፍየሏ ትተርፋለች። ከሌለ ፍየሏ የምትኖረው ሪፖርት ላይ ብቻ ነው።

ታዲያ ራሽኑ ቆሞ ሁሉም ሠርቶ ይብላ የሚሉትስ?

ከላይ ያለችውን እናት ያስታውሷት። ራሽን ከተቀነሰ የሚሸጠው መቋቋሚያው ነው።

መሬት ለራሳችን ልጆች አልበቃ ብሎ ስደተኛው የት ያርሳል?

በሶማሌ ክልል፣ መልካዲዳና ዶሎ አዶ አካባቢ አንድ መልስ ተገኝቷል። ከ2009 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. አምስት መጠለያዎች ተከፈቱ፤ ከሶማሊያ ለመጡ ሰዎች። የቤት ዕቃ ሻጩ ኩባንያ የኢኬአ በጎ አድራጎት ድርጅት (ኢኬአ ፋውንዴሽን) ገንዘብ አውጥቶ በገናሌ ወንዝ መስኖ ተሠራ። ስደተኛውና የአካባቢው ሰው በአንድ ማኅበር ታቀፉ። መሬቱ የአካባቢው ሰው ነው፣ ስደተኛው ጉልበቱን ያመጣል። የእኩል ማረስን ለሚያውቅ አገር ይኼ ብርቅ አይደለም። ሁለቱም ወገን ሶማሊኛ ተናጋሪ መሆናቸውም በጣም ረድቷል። ሌላ ክልል ላይ እንዳለ ገልብጦ ልሥራው የሚል ካለ ይጠንቀቅ።

ደግሞም ቦይ ተቆፈረ ማለት ገበያ ተገኘ ማለት አይደለም። ሁሉም ሽንኩርቱን በአንድ ሳምንት ካወጣ ዋጋው ይወድቃል። ሽንኩርት እንደ በቆሎ ጎተራ ገብቶ አይጠብቅም። ቦታው ከትልልቅ ከተሞች ሩቅ ነው፤ የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ የጠራው ዋጋ ዋጋ ይሆናል። ማኅበሩ ዘሩን በተራ በተራ ቢዘራና መኪናውን በጋራ ቢከራይ፣ ከአንድ ተጨማሪ የውኃ ፓምፕ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ኤርትራዊት ስደተኛ ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ሕጉ ሥራ ይፈቅዳል ይላሉ፤ ቀጣሪዎች ግን “ፈቃድሽ የታል?” ነው የሚሉኝ።

እህቴ፣ ሕጉም አለ፣ የቀጣሪው ፍርሃትም አለ። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት መብት ሰጥቶሻል። ግን የሚለካው ለሌላ የውጭ ዜጋ በሚሰጠው የተሻለ መብት ነው፤ ስለዚህ የፈቃድ ጉዳይ ይመጣል። መንግሥትና ለጋሾች ስደተኛውንም ዜጋውንም ለመጥቀም በጋራ በነደፉት ፕሮጀክት ከገባሽ እንደ ኢትዮጵያዊ ነው የምትታዪው። የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄደሽ በዚህ በኩል የሚያስገባ ፕሮጀክት እንዳለ ጠይቂ። የሚሰጡሽን ወረቀት ኮፒ አድርገሽ ለቀጣሪው አሳዪው። ብዙዎቹ ክፉ ሆነው ሳይሆን “ነገ ብጠየቅስ?” ብለው ነው የሚሸሹት።

ዋሽንግተን ነው ያለሁት። ከጓደኞቼ ጋር የልብስ ስፌት መኪና ገዝተን ለስደተኛ መጠለያ ልንልክ አስበናል።

አትላኩ። መጀመሪያ እዚያ ገበያ ስንት ልብስ ሰፊ እንዳለና ጨርቁ ከየት እንደሚመጣ አስጠይቁ። ሰፊ ሞልቶ ከሆነ ገንዘቡን የቁጠባ ቡድን ለሚያደራጁ ስጡ።

ኡጋንዳ ግን ስደተኛን ሠርቶ እንዲኖር ማድረግ እንዴት ተሳካላት?

የ2006 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕጓ መንቀሳቀስና መሥራት ይፈቅዳል፣ በሰፈራ ጣቢያዎቹም ቁራሽ መሬት ይሰጣል። ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ሰው በበዛ ቁጥር ግን ቁራሹ አነሰ። አሁን በዚያች መሬት ብቻ ዓመቱን የሚዘልቅ ቤተሰብ ማግኘት ከባድ ነው።