በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ሰው የሚበላበትን ቤት በምን ይመርጣል?

ጥያቄውን ላላያችሁ ባጭሩ ልድገመው። አንድ ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጠይቋል፦ «ቱሉ ዲምቱ ቤት ተከራይቼ ከገባሁ ወዲህ ደመወዜ በምግብ አለቀ። እቤት ልሥራ ብል ጊዜ የለኝም። የሰፈር ሽሮ ቤቶች አንዳንዶቹ ያስፈራሉ። ስም ያለው ቤት ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ሰው ግን ሦስቱንም ሞልቶታል። እናንተ በምን ትመርጣላችሁ?»

እስካሁን የመለሳችሁት አብዛኞቻችሁ «ሁሉም እንደ አቅሙ ነው» ብላችኋል። አቅም አለበት፣ አልክድም። ግን እኔ ያየሁት ትንሽ ይለያል። ብዙ ቅርንጫፍ ባለው የበርገርና የፒዛ ቤት ማብሰያ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ትንሽ የቁርስና የምሳ ቤት አለኝ። ማታ ደግሞ ለባለቤቴና ለልጆቼ የማበስለው እኔው ነኝ። ሦስቱንም ከውስጥ ስለማውቃቸው ረዘም አድርጌ ብመልስ ቅር አይበላችሁ።

በእኛ አካባቢ የሰውን ምርጫ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቤቱ የሚገባበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ገበታው ላይ የሚቀመጠው ሰው ብዛት ነው። ገንዘብ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ከሰዓቱ ልጀምር። እዚህ ከተማ ዳር እየኖረ መሃል አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ የሚሠራ ሰው ሳይነጋ ይወጣል። ማታ ደግሞ ሰልፉ አለ፣ መንገዱ አለ። በር ከፍቶ ሲገባ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል። አሁን ይህን ሰው «ሽንኩርት ከትፈህ ወጥ ሥራ» ልትሉት ነው? የእኛ ወጥ እኮ ችኮላ አይወድም። ሽንኩርቱ ውሃውን እስኪጨርስ ይቁላላ፣ በርበሬው ይግባ፣ ጠብ እያደረጉ ይታሽ፣ ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ ይጠበቅ። ደህና ቁሌት ብቻውን አንድ ሰዓት ይበላል። ምስሩ ወይ ሥጋው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰውየው የሚሠራው ሽሮ ነው፣ አለዚያ እንቁላል ወይ ፓስታ ነው። ያንኑ ሳምንቱን ሙሉ ሲበላ ይሰለቸዋል። አርብ ማታ ምግብ ቤት ብታገኙት አትፍረዱበት።

እንጀራው ደግሞ የባሰ ነው። ቤት ሠርቶ ስለመብላት ሲወራ ሁሉም ወጡን ነው የሚያስበው። የከተማ ዳር ኑሮ ግን የሚፈተነው በእንጀራው ነው። ሊጥ አቡክተህ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። አብሲት ትጥልለታለህ። ኩፍ ብሎ የሚጋገርበትን ሰዓት መጠበቅ አለብህ። ያን ሰዓት መብራት ከሌለ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ድካምህም አብሮ ይሄዳል። ውሃው በፈረቃ ነው። ምጣዱ ብዙ ኃይል ስለሚስብ የአንዳንዱ ቤት መስመር አይችለውም። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ለመጋገሪያና ለማረጃ ተብሎ የጋራ ሕንፃ ነበራቸው፣ ኮሚናል የምንለው። አሁን ብዙ ቦታ ለሌላ ሥራ ነው የዋለው። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በዚያች ጠባብ ማብሰያ፣ ጭሱና እንፋሎቱ ሳሎን እየገባ መጋገር ምን እንደሚመስል የጋገረች ታውቀዋለች።

ስለዚህ ብዙ ሰው እንጀራ ይገዛል። እዚህ ላይ እምነት የሚባለው ነገር ይመጣል። እንጀራ ውስጥ ጀሶ ተቀላቀለ የሚለውን ዜና ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚገዛው ከሚያውቃት ሴት ነው። እኔም ለቤቴ እንጀራ የምወስደው ከሁለት ጋጋሪዎች ነው፤ ጤፋቸውን የት እንደሚያስፈጩ አውቃለሁ። አንዷ ብትታመም ወይ መብራት ቢጠፋባት ሌላዋ አለች። እንጀራ ከሌለ ምግብ ቤት የለም።

አሁን ወደ ሰው ብዛት። ስድስት ሰው ያለበት ቤት፣ ቀን እቤት የምትውል እናት ወይ እህት ወይ ሠራተኛ ካለች፣ ከቤት ምግብ የሚረክስ ነገር የለም። አንድ ድስት ሽሮ ስድስት ሰው ያጠግባል። ዓመት የሚያደርስ በርበሬና ሽሮ አንዴ ይዘጋጃል፤ አተሩና ሽምብራው ተቆልቶ፣ ቅመሙ ገብቶበት፣ ወፍጮ ቤት ተፈጭቶ። ላጤ ግን ይህን ሁሉ ለአንድ አፍ ሊያደርግ አይችልም። ሩብ ኪሎ ሽንኩርት ለብቻው ውድ ነው። ዘይቱ በትንሽ ሲገዛ ውድ ነው። ለአንድ ሰው ሽሮም ለስድስት ሰው ሽሮም የሚነደው ከሰል ብዙ አይራራቅም። እንጀራው ፍሪጅ ከሌለ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ያወጣል። የሚደፋውን ስትደምረው ላጤው ከእኔ ቤት ቢበላ የሚያወጣው ከዚያ ብዙም አይርቅም። «ወጣቱ ሰነፈ፣ ቤት አይሠራም» የምትሉ ወገኖቼ ይህን ሒሳብ ሥሩትና ተናገሩ።

ሌላ ያስተዋልኩት ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ከጀመረ በኋላ የብዙ እናቶች ጠዋት ተቀይሯል። ምሳ ዕቃ መቋጠር የቀረላት እናት ወደ ሥራ በጊዜ መውጣት ቻለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ በጣም ደስ የሚለኝም ነው።

የሰፈር ምግብ ቤት ደንበኛው ማን ነው? እኔ ጋ ጠዋት የሚመጡት የታክሲ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው ናቸው። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍር ይበላሉ። ምሳ ላይ የግንባታ ቀን ሠራተኞች፣ መምህራን፣ የባንክና የወረዳ ሠራተኞች ይቀላቀላሉ። የቀን ሠራተኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን አይደለም፤ «ጭማሪ እንጀራ አለው?» ነው የሚለው። ፌሮ ሲያነሳ የዋለ ሰው ጠግቦ መነሳት አለበት። ፓስታ በእንጀራ ለምን እንደዚህ እንደሚወደድ የማይገባው ሰው ከባድ ሥራ ሠርቶ አያውቅም ማለት ነው።

እና ዱቤ። ስለዚህ ማንም ሲያወራ አልሰማም፣ ግን ከጣዕም ይበልጣል። ደመወዝ እንደገባ የመጀመሪያው ሳምንት ጥብስ ይታዘዛል፣ ስም ያላቸው ቤቶችም ይሞላሉ። ከወሩ 20 በኋላ ግን እኔ ጋ ሽሮ ፈሰስና ተጋቢኖ ነው፣ ደብተሬም ይወጣል። ስም እጽፋለሁ፣ ቀን እጽፋለሁ። ወሩ ሲያልቅ በቴሌብር ይልኩልኛል። ትልቁ ቤት እንኳን ለደንበኛ ለሠራተኛውም ዱቤ አይሰጥም። አንድ ሰው በችግሩ ቀን ካበላኸው ደመወዙ ሲገባ አይረሳህም። ብዙ ቋሚ ደንበኞቼን ያገኘሁት እንደዚህ ነው።

ወደ ትልልቆቹ ቤቶች ስንመጣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ሲባል የውጭ አገር ስም ብቻ አታስቡ። ፒዛ ሃት አዲስ አበባ የገባው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ካልዲስን የመሳሰሉ የራሳችን ቤቶች ከተማውን አዳርሰውት ነበር። ሰው ቅርንጫፍ ያለውን ቤት የለመደው በእነሱ ነው።

እዚያ ማብሰያ ክፍል ውስጥ ስሠራ ሁሉ ነገር በሚዛን ነበር። አይቡ በግራም ይመዘናል። ሶሱ ከአንድ ማዕከል ተሠርቶ ይመጣል። ሊጡ ተከፋፍሎ፣ ቀኑ ተጽፎበት ፍሪጅ ይገባል። የቦሌውም የሰሚቱም ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት ጣዕም ያለው ለዚህ ነው። ጥሩ ወጥ ሠሪ ብትሆን የራስህን እጅ ማስገባት አትችልም፤ እሱ ያናድደኝ ነበር። ደንበኛው ግን የሚከፍለው ለዚያ ነው፤ ምን እንደሚቀርብለት ያውቀዋል።

ግን ከምግቡ ይልቅ የሚከፈለው ለሌላው ነገር ነው። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት አለ። የእጅ መታጠቢያው ውሃና ሳሙና አለው። ዋጋው ሜኑ ላይ ተጽፏል፤ ቫቱን 15 በመቶ ጨምረህ ሒሳብህን ቀድመህ ታውቃለህ። አንድ ማኪያቶ ይዘህ ሁለት ሰዓት ብትቀመጥ የሚያስነሳህ የለም። እኔ ቤት በምሳ ሰዓት እንዲህ ብትቀመጥ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ሳልወድ ዓይኔ አንተ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የልጅ ልደት፣ የሽማግሌ ቀጠሮ፣ የመጀመሪያ ቀን የሚተዋወቁ ወጣቶች፣ ከደላላ ጋር የሚነጋገር ሰው፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚሄዱት። አባት ሁለት ልጆቹን ይዞ ገብቶ አንድ ፒዛ አዝዞ እሱ ውሃ ብቻ ሲጠጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያ ሰው ገንዘቡን ያባክናል አልልም። ልጆቹ ሰኞ ትምህርት ቤት የሚያወሩት ነገር ገዝቶላቸዋል። ይህን የሚያደርገው ግን በወር አንዴ ነው፣ እሱም ከቻለ። ሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ስለተወደደ እንዲህ ያለው አባት ቀንሷል። አሁን በአንድ ፒዛ ዋጋ እኔ ጋ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ምሳ ይበላል።

ሃይማኖትም አለ፣ እንዳንረሳው። ረቡዕና አርብ፣ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም፤ ዓመቱ ግማሹ ጾም ነው። በጾም በያይነቱ የሚሠራ የሰፈር ቤት የሚያህል የለም። አምስት ስድስት ዓይነት ወጥ በአንድ ትሪ እቤት ሠርቶ መብላት ለአንድ ቤተሰብ አድካሚ ነው፤ እኔ ግን ለብዙ ሰው ስለምሠራው ይቀለኛል። ትልልቆቹም ይህን አውቀው የጾም ፒዛና የጾም በርገር ያቀርባሉ። ሥጋ ሲሆን ደግሞ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ክርስቲያን ያረደውን ስለሚፈልግ፣ ሰው ባለቤቱን የማያውቀው ቤት ገብቶ ጥብስ አያዝም። አብረው የሚሠሩ ጓደኛሞች ሲመጡ ግን ሽሮ በዘይት፣ አንድ ትሪ ላይ፣ አብረው ይበላሉ። ቤቴ ውስጥ ከማየው ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነው።

ዶሮ ወጥን ማንም ውጭ አይመኘውም። ሲታጠብ ያላየኸውን ዶሮ መብላት ይከብዳል። የበዓል ቅርጫም የቤት ነው። እነዚህ ላይ ምግብ ቤት ከቤት ጋር አይወዳደርም፣ ባይሞክርም ይሻላል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ ወንድሜ። «ያስፈራል» ያልከው እውነት ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲገባ ሰው ሰላጣ መብላት አቁሞ ነበር። መፍራትህ ጥሩ ነው፣ ግን ማየት ያለብህን እወቅ። መጀመሪያ ሮቶ ወይም ሌላ የውሃ ማጠራቀሚያ እንዳላቸው እይ። በእኛ ሰፈር ውሃ በሄደ ቀን ማጠራቀሚያ የሌለው ቤት ዕቃውን በምን እንደሚያጥብ አስበው። ሁለተኛ በምሳ ሰዓት ሂድ፤ ወጡ ቶሎ የሚያልቅበት ቤት የትናንት ወጥ አያበላህም። ሦስተኛ ዘይቱን እይ፤ ሳምቡሳ ወይ ፓስቲ የሚጠበስበት ዘይት ጠቁሮ ከሆነ ውጣ። አራተኛ ማድቤቱን ልይ ብለህ ጠይቅ። እኔ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ የምትቆጣ ካለች ሌላ ቤት ሂድ።

ከዚያ በየቀኑ ምሳህን አንድ የምታምነው ቤት ብላ። ዋጋ ላይ ተነጋገር። በወር ለሚከፍል ቋሚ ሰው ብዙዎቻችን እንቀንሳለን። ለእራትህ ሽሮና በርበሬህን ከእናትህ ወይ ከምታምናት ዘመድ አስመጣ፣ ከገበያ አትግዛ። እሑድ ቁሌት በዛ አድርገህ ሥራ፤ ፍሪጅ ካለህ ሳምንቱን ያስኬድሃል፣ ከሌለህ ለሁለት ቀን ይሆንሃል። ግቢህ ውስጥ ሌሎች ላጤዎች ካሉ ሦስት አራት ሆናችሁ እራት በተራ አብስሉ። እኔ ካለሁበት ሕንፃ አጠገብ የሚኖሩ አራት ልጆች እንዲህ ነው የሚያደርጉት። እንጀራ ከአንዲት ጋጋሪ በጋራ ያስጋግራሉ፣ ዘይት በአምስት ሊትር ይገዛሉ። እኔ ጋ የሚመጡት ለምሳ ብቻ ነው፣ ዱቤ ጽፌላቸውም አላውቅም።