ሙቀት ለሚበዛበት የሸዋ ሮቢት ጓሮ አሉማን እመክራለሁ

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት፤ እኔም ከደጋ ወርጄ ሸዋ ሮቢት በከተምሁበት የመጀመሪያ ዓመት ያስጨነቀኝ ይኸው ጉዳይ ስለነበረ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ። እንደጻፉት፣ ደብረ ብርሃን ሳሉ ከጓሮዎ የማይጠፋው ጎመን እዚህ ከየካቲት በኋላ ቅጠሉ እየጠነከረና እየመረረ፣ በክሽክሽ እየተሸፈነ፣ ገና ሳይበላ ወደ አበባ እየሮጠ አስቸግሮዎታል፤ ቆስጣውም እኩለ ቀን ላይ ተዝለፍልፎ ይውላል። ስለዚህ ሙቀቱን ወዶ የሚያድግ፣ ለዐቢይ ጾምም የሚደርስ ቅጠል የትኛው እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚዘራና እንዴት እንደሚበስል ጠይቀዋል። የእኔ መልስ አሉማ ነው፤ በእንግሊዝኛ አማራንት የሚባለው፣ ለጋ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላው ተክል።

በመጀመሪያ ጎመንዎ የከዳዎት በእርስዎ ጥፋት እንዳልሆነ ይወቁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ሸዋ ሮቢት ያለችው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጋቢ ወደ ነጠላ ይሸጋገራል። ጎመን ቅዝቃዜ የሚስማማው ተክል ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ በፀሐይ ብርሃን ካዘጋጀው ምግብ ከፊሉን መልሶ ያባክናል፣ ውኃም በብዛት ይጠፋበታል። አሉማ ግን የዕፅዋት ባለሙያዎች ሲ ፎር ብለው ከሚጠሯቸው፣ በሙቀትና በኃይለኛ ፀሐይ ምግባቸውን ያን ያህል ሳያባክኑ ከሚያዘጋጁ ተክሎች አንዱ ሲሆን፣ በዚህ ጠባዩ የሚመሳሰለው ከማሽላ፣ ከበቆሎና ከጤፍ ጋር ነው። ማሽላ ለምን በአካባቢያችን ባለው በቀወት ሜዳ ላይ በኃይለኛው ፀሐይ ውስጥ እየለመለመ እንደሚያድግ የሚያውቅ ሰው፣ አሉማም ለምን ጎመን በሚያርበት ወር እንደሚፈነጭ ለመረዳት አይቸገርም። ለዚህም ነው ጥላ የማልመክረው፤ በዛፍ ሥር የተዘራ አሉማ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ይቀራል።

ዘሩ የጤፍ ፍሬ ያህላል፤ ነገር ግን ክብና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ጥቁር ነው። እጄ ላይ ባደረግሁት ቁጥር በጣቶቼ መካከል እየሾለከ ይወርዳል። የመጀመሪያ ስሕተቴም ከዚሁ የመጣ ነው፤ እንደ ሽንኩርት ዘር በጥልቅ ፈር ቀብሬው አንድ መደብ ሙሉ ሳይበቅል ቀረ፤ በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ዝም ብዬ በትኜው እንደ ምንጣፍ ተጠጋግቶ በቀለና ውኃ ሳበዛበት ችግኙ ከሥሩ እየጠቆረ በሦስት ቀን ውስጥ ተኛ። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘር ከአንድ ብርጭቆ ደረቅና ደቃቅ አሸዋ ጋር በደንብ አደባልቄ፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት በተሰመሩ፣ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በማይበልጡ ጥልቀት የሌላቸው መስመሮች ላይ በጣቶቼ እየቆነጠርሁ እረጨዋለሁ። ይህ መጠን ለሁለት ወይም ለሦስት ካሬ ሜትር መደብ ይበቃል። ከዚያም አፈሩን በእጅ ጀርባ ዳበስ አድርጌ፣ ስስ ገለባ አልብሼ፣ ጠዋትና ማታ በወንፊት ማጠጫ እያርከፈከፍሁ እጠብቃለሁ። ሙቀቱ በቂ ከሆነ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል፤ ገለባውም የዚያኑ ዕለት መነሳት አለበት፤ በአንድ ቀን ብቻ ቢዘገይ ችግኙ ጠምዛዛ ይሆናል።

መደቡ ላይ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ቀደም ብሎ ይግባበት። ዩሪያን በተመለከተ ጥንቃቄ ያድርጉ፤ አንድ ጊዜ ቅጠሉ ገና እርጥብ ሳለ በትኜበት ነጠብጣብ ሆኖ ተቃጥሎብኛል፣ ከዚያ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ናይትሮጅን የበዛበት አሉማ በቅጠሉ ውስጥ ናይትሬት የሚባል፣ ሲበዛ ጤናን የሚጎዳ ንጥረ ነገር የሚያከማች መሆኑ ነው። ውኃን በተመለከተ፣ በእኛ ሰፈር ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈው ውኃ በውኃ አባቱ (ውኃውን በሚያከፋፍለው ሰው) አማካኝነት በተራ ስለሚከፋፈል፣ ተራ እስኪደርስ ቅጠሉ መጠማት የለበትም፤ ለጓሮ መደብ በጀሪካን የተቀመጠ ውኃ በየሁለት ቀኑ ጠልቆ እስኪገባ ቢጠጣ ይበቃዋል። አሉማ ድርቅን ይቋቋማል፤ ነገር ግን የተጠማ አሉማ ቶሎ ያብባል፣ ቅጠሉም ይሻክራል።

ብዙ ሰው አሉማን ሞክሮ የሚጠላው በዘሩ ምክንያት ሳይሆን በአቆራረጡ ምክንያት ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እንደ ጎመን እስኪንዠረገግ የጠበቀ ሰው ከወገብ በላይ የደረሰ፣ ግንዱ እንጨት የሆነ፣ ራሱ ላይ አበባ የተሸከመ ተክል ያገኛል፤ ያንን ቀቅሎ ሲበላ «ይህ አረም ነው» ማለቱ አያስገርምም። አሉማ የሚበላው በልጅነቱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሲሳሳ የሚነቀለው ችግኝ ራሱ ከሁሉ የለሰለሰ ወጥ ይሆናል፤ ቀሪው በእያንዳንዱ ተክል መካከል አንድ ጋት ያህል ቦታ ይተውለት። ከተዘራ በአራተኛው ሳምንት ገደማ፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር አልፎ ወደ ክንድ ሳይቃረብ፣ ከመሬት በላይ አራት ጣት ያህል ግንድ ከጥቂት ቅጠል ጋር ትቼ ጫፉን በስለታም ቢላዋ እቆርጠዋለሁ። ከየቅጠሉ ብብት አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ በየሁለት ሳምንቱ እንደዚሁ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይቆረጣል። የአበባ እንቡጥ ባየሁ ቁጥር በጥፍሬ እቀነጥሰዋለሁ። ቆረጣው የሚሻለው በማለዳ ነው፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ የተቆረጠ ቅጠል ወጥ ቤት ሳይደርስ ይጠወልጋል። አንድ መደብ ብቻ ዘርቶ መጠበቅም አይበጅም፤ በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የሚዘራ ሰው ለስላሳ ቅጠል አያጣም።

ከተባይ በኩል ቅጠሉን ጠቅልሎ የሚበላ ትል ያስቸግራል። ቅጠሉ በሳምንታት ውስጥ ወደ አፍ የሚገባ ስለሆነ በኬሚካል አልነካውም፤ ማለዳ የተጠቀለለውን ቅጠል እየፈለግሁ በእጄ እለቅማለሁ።

አሁን ወደ አንድ የሚያሳዝነኝ ጉዳይ ልምጣ። በአካባቢያችን አሉማ ገና ስሙ ሲነሳ «የክፉ ቀን ምግብ» የሚሉት ብዙዎች ናቸው። እኔን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት እናት፣ በልጅነታቸው በክረምቱ መግቢያ ጎተራ ሲጎድል ከማሽላ ማሳ ውስጥ እየለቀሙ ወንድሞቻቸውን እንዳሳደጉበት ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። እንግዳ በመጣ ቀንም አሉማ በገበታ ላይ እንዳይቀርብ ይጠይቁኝ ነበር። ይህ ቅጠል ግን በቫይታሚን ኤና ሲ፣ በብረትና በካልሲየም የበለጸገ፣ ቤተሰብን ያተረፈ ምግብ ነው፤ ሊያኮራን እንጂ ሊያሳፍረን አይገባም ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ ራሱን ችሎ የበቀለውን ከማሳ ዳር ለመልቀም ካሰቡ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። በቆላችን ሽንኩርትና ቲማቲም በተደጋጋሚ መድኃኒት ይረጫል፤ በእነዚህ ማሳዎች ጠርዝ ላይ የበቀለ አሉማ ምንም ያህል ቢያምር አይብሉት። ሁለተኛው አስተናግር ነው። እንደ አሉማ ሁሉ በታረሰና ፍግ በበዛበት መሬት ላይ አብሮ ይበቅላል፤ ገና ለጋ ሳለ በችኮላ ከአሉማ ጋር ተነቅሎ ከገባ ከባድ መመረዝ ያስከትላል። ቅጠሉ ሲታሽ የሚከረፋ ሽታ ስላለው፣ የለቀሙትን አንድ በአንድ በሳፋ ላይ እየዘረጉ ይመርምሩ፤ ልጆችን ብቻቸውን ለለቀማ አይላኩ።

አበሳሰሉን በተመለከተ ዋናው ምሥጢር መቀቀያ ውኃውን መድፋት ነው። አሉማ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ሳይቀቀል ከተጠበሰ ጥርስን ያሻክራል፣ በአንጀት ውስጥም ካልሲየሙን ይይዝበታል፤ ኦክሳሌቱም ሆነ ናይትሬቱ በአብዛኛው ወደ ውኃው ይወጣሉ። በድስት ብዙ ውኃ አፍልቼ ቅጠሉን እጨምርና አምስት ደቂቃ ያህል ክዳኑን ከፍቼ አንፈቅፍቄ አወጣለሁ። ቀዩን ዓይነት ከሆነ የዘሩት ውኃው ወደ ሮዝ ሲለወጥ ያያሉ። አንድ ሳፋ ሙሉ የነበረው ቅጠል ከተጨመቀ በኋላ ሁለት ጭልፋ ብቻ ሆኖ ሲገኝ አይደንግጡ፤ ለአምስት ሰው አብዝቶ መቁረጥ የግድ ነው። ከዚያም ከትፌ፣ ቀይ ሽንኩርት በዘይት ሲጠበስ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሬ፣ ቅጠሉን አስገብቼ ሦስትና አራት ደቂቃ ብቻ አማስላለሁ፤ ቃሪያው ከእሳት ሲወርድ ይገባል። ጎመን የሚፈልገውን ረጅም ማብሰያ ጊዜ አሉማ አይፈልግም፤ ከቆየ ይሟሟል። ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ የቅጠሉ ቫይታሚን ኤ ወደ ሰውነት የሚገባው ቅባት ሲያገኝ ነው። በላዩ ላይ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት የብረቱን ጥቅም ይጨምራል፤ በአንጻሩ ቡና ወይም ሻይ ወዲያው ማስከተል ብረቱን ስለሚያስተጓጉል፣ ለነፍሰ ጡርና ለልጆች ምግብ ሲሆን ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል እናዘገየዋለን። በፍስክ ጊዜ በለጋ ቅቤና በአይብ ይሠራል፤ በማሽላ እንጀራ ሲበላ ለእኔ ከጎመን ይበልጥብኛል።

የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው አሉማን አዘውትሮ መብላት የለበትም፤ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድም ቅጠላ ቅጠልን በድንገት ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ቢጠይቅ መልካም ነው። የበሰለውንም በቆላ ሙቀት ከድስት ውስጥ አሳድሮ በማግሥቱ ለሕፃን ማሞቅ አይገባም።

ለዘር ከመደቡ ዳር የሚያምሩትን አራትና አምስት ተክሎች ሳልቆርጥ እተዋለሁ። ራሱን በመዳፍ ሲያሹት ፍሬው መርገፍ ሲጀምር ይቆረጣል፣ በሸራ ላይ ይደርቃል፣ ይበራያል፣ በሰፌድ ይነፋል። በአካባቢው ያለውን የዱር አሉማ ከማበቡ በፊት ይንቀሉት፤ ካልሆነ እየተዳቀለ በሁለትና በሦስት ዓመት ዘርዎ ቅጠሉ ትንሽ፣ አበባው የሚቸኩል ይሆናል።

ደብረ ብርሃን ላሉት እናትዎ ልላክላቸው ወይ ብለውም ጽፈዋል። እኔ በኅዳር ልኬ አንድ ሌሊት በወረደ ውርጭ መደቡ በሙሉ እንደ ተቀቀለ ጠቁሮ አደረ። ደጋ ላይ ጎመኑ ይቆይላቸው። ከአሉማ ሌላ ሽፈራውም (ሞሪንጋ) ለእርስዎ ለቆላው ጓሮ ይሆናል፤ ግን ዛፍ ስለሆነ ከአጥሩ ጥግ ተክለው በትዕግሥት ይጠብቁት። ለዘንድሮ ጾም እንዲደርስልዎ አሉማውን በጥር አጋማሽ ይዝሩ፤ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል መብቀያው በጥቂት ቀናት ይዘገይ ይሆናል እንጂ አይቀርም። ዘር ካጡ ባለፈው ሰኔ ከሰበሰብሁት ስላለኝ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በወረቀት ጠቅልዬ አቆይልዎታለሁ።