ላይብረሪዎ የማያውቀው እሴት ከሰርቨር ሲመጣ

ጥያቄ፦ ሌሎች ፕሮግራመሮች አፕ የሚሠሩበት የጃቫ ላይብረሪ አለን። የትዕዛዝ ሁኔታን የያዝነው በኢነም (እሴቶቹ አስቀድመው በስም በተዘረዘሩበት ዓይነት) ነው፦ «የተመዘገበ»፣ «የተከፈለ»፣ «የተላከ»። በቅርቡ የሰርቨር ቡድኑ «በከፊል የተመለሰ» የሚል አራተኛ ሁኔታ ሲጨምር፣ አሮጌውን ቨርዥን የያዙት አፖች ሁሉ ወደቁ። ባልደረባዬ «ኢነሙን ትተን ሁሉንም ስትሪንግ (ተራ ጽሑፍ) እናድርገው» ይላል። እኔ ደግሞ «ያልታወቀ» የሚል እሴት ጨምረን የማናውቀውን ሁሉ ወደዚያ እንጣለው ባይ ነኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ እሳቱን እናጥፋ። ሰው እጅ የገባውን አሮጌ ቨርዥን ከዚህ ሆነው ማስተካከል አይችሉም፤ ሰርቨሩን ግን ይችላሉ። ላይብረሪው በየጥያቄው ሄደር ላይ የቨርዥን ቁጥሩን የሚልክ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ለአሮጌዎቹ ከሚያውቋቸው ሦስቱ መካከል ለእውነቱ የሚቀርበውን ይመልስላቸው። ዕቃው ሄዶ ከፊሉ ከተመለሰ «የተላከ» ማለቱ ሙሉ እውነት ባይሆንም አፑን አይጥለውም። የቨርዥን ቁጥር የማይልክ ከሆነ ግን አዲሱ እሴት ለጊዜው ከሰርቨሩ ይነሳ። ለሚቀጥለው ጊዜ ያንን ሄደር ዛሬውኑ ይጨምሩት።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ። የጃቫ ኢነም ኮምፓይል በተደረገበት ቀን የተዘጋ ዝርዝር ነው። ስምን ወደ ኢነም እሴት የሚቀይረው ቫልዩኦፍ የማያውቀው ስም ሲመጣበት ኢሊጋል አርጊውመንት ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ከሰርቨር የመጣውን ጄሶን የተባለ የጽሑፍ ዳታ ወደ ጃቫ የሚለውጠው ጃክሰን የተባለው ላይብረሪም ቅንብሩን ካልነኩት እንደዚያው እምቢ ይላል። የሚጎዳው ደግሞ ያቺ አንዲት ፊልድ ብቻ አይደለችም፤ 50 ትዕዛዞች በአንድ ምላሽ ቢመጡና አንዱ ብቻ አዲሱን ሁኔታ ቢይዝ 49ኙም አብረውት ይቀራሉ። የዝርዝሩ ባለቤት ሰርቨሩ ሆኖ ሳለ ላይብረሪው የራሱ አድርጎ ዘጋው፤ ችግሩ የተወለደው እዚያ ላይ ነው።

የእርስዎ ሐሳብ መውደቁን ያስቆማል። ጃክሰን ራሱ ለዚህ የሚሆን ቅንብር አለው፦ አንዱን እሴት የኢነሙ ዲፎልት ብለው ምልክት ያደርጉበታል፣ ያልታወቀው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ብቻውን ሲሆን ግን ከመውደቅ የባሰ ነገር ያመጣል፤ ይህንን በጣም አጥብቄ ልንገርዎት። አፑ ትዕዛዙን ከሰርቨር አነበበ እንበል፤ ሁኔታው «በከፊል የተመለሰ» ነው፣ ላይብረሪው ግን «ያልታወቀ» ብሎ ያዘው። ተጠቃሚው የሚላክበትን አድራሻ ብቻ አርሞ «አስቀምጥ» አለ። ላይብረሪው ሙሉውን ትዕዛዝ መልሶ ሲጽፍ ሁኔታው ላይ «ያልታወቀ» ብሎ ላከ። ሰርቨሩ ጥብቅ ከሆነ ተጠቃሚው ባልነካው ነገር ስህተት ይመጣበታል። ልል ከሆነ ደግሞ የገንዘቡ መመለስ ከመዝገቡ ተሰረዘ፣ ማንም አላወቀም። የወደቀ አፕ ቢያንስ ይጮኻል፤ ይህ ግን ድምፅ የለውም።

የባልደረባዎ መንገድ ዳታውን አያጠፋም፤ በዚህ እሱ ይሻላል። ነገር ግን ፕሮግራመሩ ነጥብ ሲመታ ኤዲተሩ የሚዘረዝርለት ነገር አይኖርም፣ አንድ ፊደል ቢሳሳትም ኮምፓይለሩ አይነግረውም።

ስለዚህ ሁለቱን ያጣምሩ። ላይብረሪው በውስጡ የሚይዘው ከሰርቨር የመጣውን ስትሪንግ እንዳለ ይሁን፤ ትልቅና ትንሽ ፊደሉንም አይንኩበት። ኢነሙ ከዚያ ስትሪንግ በተጠየቀ ጊዜ የሚወጣ ይሁን። አሁን ያለው ሜተድ ኢነሙን መመለሱን ይቀጥል፣ ለማያውቀው «ያልታወቀ» ይበል። ከጎኑ ጥሬውን ስትሪንግ የሚመልስ ሁለተኛ ሜተድ ይጨምሩ። ወደ ሰርቨር ሲጻፍ የሚሄደው ሁልጊዜ ስትሪንጉ ነው። ሁኔታውን የሚቀይረው ሜተድ፣ ሴተሩም፣ በሁለት መልክ ይሁን፣ አንዱ ኢነም አንዱ ስትሪንግ የሚቀበል፤ ኢነም የሚቀበለው «ያልታወቀ» ሲሰጠው እዚያው እምቢ ይበል። የአማዞን ክላውድ የጃቫ ላይብረሪ ሁለተኛው ቨርዥን የሚከተለው ይህንኑ ባለ ሁለት ሜተድ መንገድ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ የማይክሮሶፍት አዙር የጃቫ ላይብረሪ ኢነሙን ራሱን ትቶ «ኤክስፓንደብል ስትሪንግ ኢነም» የሚል ክላስ ይጠቀማል፤ የታወቁት እሴቶች የክላሱ ኮንስታንቶች ናቸው፣ አዲስ ስምም ይቀበላል። ከዜሮ የሚጀምሩ ቢሆን ይህንን እመርጥልዎት ነበር። እርስዎ ግን ተጠቃሚ አለዎት። የሜተዱን የመመለሻ ዓይነት ከኢነም ወደ ክላስ ከቀየሩ፣ አስቀድሞ ኮምፓይል የተደረገው የሰው ኮድ ሜተዱን አያገኘውም፤ እንደ እሴቱ መንገድ የሚመርጠው፣ በኢነሙ ላይ የተጻፈው ስዊችም እንደገና መጻፍ ይኖርበታል። ወደዚያ ከሄዱም እኩልነትን የሚወስኑትን ኢኩዋልስና ሃሽኮድን በስትሪንጉ ላይ መሥርተው መጻፍ እንዳይረሱ፤ አለዚያ አንድ ዓይነት ጽሑፍ የያዙ ሁለት እሴቶች እኩል አይሆኑም።

ላይብረሪውን ለሚጠቀሙት በሰነዱ ላይ በግልጽ ይጻፉላቸው፦ ስዊቹ ዲፎልት (ለቀሪው ሁሉ የሚሆን ቅርንጫፍ) ይኑረው። ዲፎልት የሌለው ስዊች ኤክስፕሬሽን ሁሉንም እሴት እስከ ሸፈነ ድረስ ኮምፓይል ይሆናል፤ ላይብረሪው ታድሶ አምስተኛ እሴት ሲመጣ ግን እየሠራ ሳለ ይፈነዳል፣ ከጃቫ 21 ወዲህ ማች ኤክሴፕሽን በሚባለው። ረስት የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይህንን በ2019 በወጣው 1.40 ቨርዥኑ «ነን ኤግዞስቲቭ» በሚል ምልክት አስተካክሎታል፤ ምልክቱ ያለበትን ኢነም ከውጭ ሆኖ የሚጠቀም ሰው ለቀሪው ሁሉ የሚሆን ቅርንጫፍ ካልጻፈ ኮምፓይለሩ አያሳልፈውም። ጃቫ እንዲህ ያለ ጠባቂ ስለሌለው ሰነዱ ላይ መጮህ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ዲፎልቱ ውስጥ ምን ይጻፍ የሚለው እንደ ጉዳዩ ነው። ለስክሪን ከሆነ ጥሬውን ስትሪንግ ማሳየት ይበቃል። ገንዘብ ወይም ፈቃድ ሲሆን ግን ያልታወቀ ማለት «አይፈቀድም» ማለት ይሁን፤ ያልገባንን ሁኔታ «ተከፍሏል» ብሎ ማሳለፍ ፈጽሞ አይገባም። የኢነሙን ተራ ቁጥር ዳታቤዝ ላይ አስቀምጠው ከሆነም ዛሬውኑ ይተዉት፤ ነገ አንድ ሰው መሃል ላይ አዲስ እሴት ቢያስገባ የድሮው መዝገብ ሁሉ ትርጉሙ ይዛባል።

ሁሉም ኢነም ይከፈት ማለቴ ግን አይደለም። የሳምንቱ ቀናት 7 ናቸው፣ ይዘጉ። ዝርዝሩ ከእናንተ ኮድ ውጭ ሊያድግ የሚችል ከሆነ ብቻ ነው የሚከፈተው።

ከመልቀቅዎ በፊት አንድ ቴስት ይጻፉ። ሁኔታው ላይ «ከዚህ በፊት ያልነበረ» የሚል ቃል ያለበት ጄሶን ያንብብ፣ አድራሻውን ይቀይር፣ መልሶ ይጻፍ፤ የወጣው ጄሶን ላይ ያ ቃል ሳይነካ ካለ ይልቀቁት።