ሞቅ ያሉ ደማቅ ቀለሞች በቆየ አፓርታማ ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሳሎኑን የወይን ጠጅ ቀለም ሦስት እጅ ቀባሁት፤ የድሮው ነጭ አሁንም ብቅ ብቅ ይላል። ቀለሙ የወረደ ይሆን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ብዙ ደማቅ ቀዮችና ቢጫዎች የመሸፈን አቅማቸው ደካማ ስለሆነ ነጭ ላይ አንዳንዴ አራት እጅም ላይበቃቸው ይችላል። ከቀዩ በፊት አንድ እጅ መካከለኛ ግራጫ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) ቢቀባ ኖሮ ሁለት እጅ በበቃ ነበር። አሁን ያሳሳውን ቦታ ብቻ እየመረጡ አይንኩ፤ ሲደርቅ እንደ እድፍ ይታያል። ሙሉውን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ሳያቋርጡ፣ ጠርዙ ሳይደርቅ አንድ እጅ ይድገሙት። ለሰናፍጭ ቢጫ ግን ግራጫ አይሆንም፤ ያጨልመዋል። ከሥሩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሁን።

ጥያቄ፦ ክፍሉ 4 በ5 ሜትር፣ ቁመቱ 3.20 ነው። ስንት ሊትር ልግዛ?

መልስ፦ ዙሪያው 18 ሜትር ነው፤ በ3.20 ሲባዛ 57.6 ካሬ ሜትር ይመጣል። ለበርና ለመስኮት 8 ካሬ ቢቀነስ 50 ገደማ ይቀራል። አንድ ሊትር 10 ካሬ ያህል ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ 10 ሊትር፤ አሮጌ ልስን ስለሚመጥ 11 ይያዙ። ከመጀመርዎ በፊት ሁሉንም በአንድ ትልቅ ባልዲ ያዋህዱት፤ ከቆርቆሮ ቆርቆሮ ትንሽ ልዩነት ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ አዲሱ ቀለም እንደ ቅርፊት እየተላጠ ነው።

መልስ፦ በአሮጌ ቤት ትልቁ ጣጣ ይህ ነው። በተላጠው ቦታ ግድግዳውን በመዳፍዎ ይሹት። ነጭ ዱቄት መዳፍዎ ላይ ከቀረ ከሥር ያረጀ የኖራ ቅብ ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ባለ ዱቄት ላይ ቀለም በደንብ አይይዝም። ፍቀው፣ አጥበው፣ ሙሉ በሙሉ ካደረቁት በኋላ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ፕራይመር ይቀቡ። ግድግዳው የሚረጥብ ከሆነ ግን መጀመሪያ ውሃው የሚገባበት ይፈለግ፤ ፕላስቲክ ቀለም እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። በኖራ ልስን ላይ የኖራ ወይም የሲሊኬት ቀለም (እርጥበት የሚያሳልፍ ማዕድናዊ ቀለም) ይሻላል። በበርና በመስኮት ላይ ያለው አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ፈጽሞ አይፈግፍጉት። በተለይ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ቀለሙ ቀድሞ ይመርመር።

ጥያቄ፦ ቀን ያማረኝ የሸክላ ቀለም ማታ ጭቃ ይመስላል።

መልስ፦ አምፖሉን ይቀይሩ። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሆነው ነጭ ብርሃን ቀይን ያደበዝዛል፤ ሞቅ ያለውን 2700 ኬልቪን፣ ቀለሞችን በትክክል የማሳየት መጠኑ (ሲ አር አይ) 90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ይምረጡ። ሌላ ጊዜ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀብተው ከየግድግዳው ጋር በጠዋት፣ ከሰዓትና በመብራት ይዩት።

ጥያቄ፦ ኮርኒሱስ?

መልስ፦ ከድፍን ነጭ ይልቅ ክሬም። ግድግዳው ጎርባጣ ከሆነ ደግሞ የማያብረቀርቅ ቀለም ብቻ፤ የሚያብረቀርቀው እያንዳንዱን እብጠት ያጎላል።