የአማቾች እራት

ይድረስ ለፊልም ወዳጅ ወጣቶች፤ ለምታዩትም፣ ለምትጽፉትም፣ ለምትተረጉሙትም። ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል?

ኮሜዲ ለመማር ሠላሳ ፊልም ከማገላበጥ አንዱን ሦስት ጊዜ ማየት ይሻላል። ለዚህ የምመርጥላችሁ «ዘ በርድኬጅ» የሚባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሲሆን ዳይሬክተሩ ማይክ ኒኮልስ፣ ጸሐፊዋ ኢሌን ሜይ ናቸው። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። ሥሩ ፈረንሳይ ነው፦ ዣን ፑዋሬ ጽፎት በ1973 ፓሪስ ውስጥ መድረክ ላይ የወጣ ቴአትር፣ ከዚያ በ1978 ኤዱዋር ሞሊናሮ ያዘጋጀው የፈረንሳይኛ ፊልም አለ። አሜሪካኖቹ ታሪኩን ወደ ማያሚ ሳውዝ ቢች አመጡት። በስድቡና በአነጋገሩ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዳያየው የተወሰነ ነው፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት አትክፈቱት።

ታሪኩን ለእኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ነገሩ የጋብቻ ጉዳይ ነዋ። አርማንድ የድራግ ኩዊኖች ትርዒት የሚታይበት የምሽት ክበብ ባለቤት ነው። አልበርት የክበቡ ኮከብ፣ የአርማንድም የብዙ ዓመት የትዳር ያህል ጓደኛ ነው። ሁለቱ ያሳደጉት ቫል የሚባል የሃያ ዓመት ልጅ አንዲት ልጅ ሊያገባ ይነሳል። የልጅቷ አባት ደግሞ ስለ ሥነ ምግባር በየአደባባዩ የሚሰብክ የኦሃዮ ሴናተር ሆኖ ያርፈዋል። የማኅበር ባልደረባው አሳፋሪ ቦታ ሞቶ ስለተገኘ ጋዜጠኛ እያሳደደው ነው፤ ስለዚህ ጨዋ ቤተሰብ፣ ነጭ ቬሎ፣ የሠርግ ፎቶ ያስፈልገዋል። አማቾች ሊተያዩ ለእራት ይመጣሉ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤት ተጠርጎ፣ የማይታይ ነገር ሁሉ ጓዳ ሲገባ ያየ ሰው ቀሪውን ይገምታል።

ድራግ ኩዊን ማለት ዊግ፣ ቀሚስና ሜካፕ አድርጎ ሴትን አጋንኖ መድረክ ላይ የሚጫወት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ የሆነ ተዋናይ ነው። ወንድ ሴትን ሆኖ መጫወቱ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ መድረክ እስከ 1660 ገደማ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ በጃፓን ካቡኪ በሚባለው ባህላዊ ቴአትር እስከ ዛሬ አለ፤ በእኛም ዘመናዊ ቴአትር መጀመሪያ ላይ ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር በነበረበት ጊዜ ቀሚሱን የሚለብሱት ወንዶች ነበሩ። ልዩነቱ ድራግ ተመልካቹን ለማታለል አለመሞከሩ ነው። ተመልካቹ ወንድ መሆኑን ያውቃል፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ማወቁ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በመጀመሪያው ዙር ዝም ብላችሁ እዩት፣ ሳቁ፤ አታቁሙት። በሁለተኛው ዙር ወረቀት ያዙ። በአንድ ወገን ውሸቶቹን ከላይ ወደ ታች ጻፉ፦ አባትየው በግሪክ የባህል አታሼ ነው ተብሏል፤ የቤተሰቡ ስም ጎልድማን መሆኑ ቀርቶ ኮልማን ተብሏል፤ ያሸበረቀው ቤት ተራቁቶ ግድግዳው ላይ መስቀል ተሰቅሏል፤ የቤት ሠራተኛው አጋዶር ስፓርታከስ የሚባል ግሪካዊ አሳላፊ ሆኗል፤ የቫል ወላጅ እናት ካትሪን የአርማንድ ሚስት ተብላ ልትመጣ ነው፤ ግን መንገድ ተዘግቶባታል። በሌላው ወገን በእራቱ ላይ ያሉትን ሰዎች ደርድሩና በእያንዳንዱ ውሸት ትይዩ የሚያውቀውን «ያ»፣ የማያውቀውን «አያ» እያላችሁ ሙሉ። ወረቀቱ ሲሞላ አንድ ነገር ይታያችኋል፦ ሳቁ የሚፈነዳው የ«ያ» እና የ«አያ» ድርድር በሚገለበጥባቸው ደቂቃዎች ነው። የግርግር ኮሜዲ ሞተሩ ይህ ሠንጠረዥ ነው።

ጀማሪ ጸሐፊ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ውሸት እንደ በርበሬ የተጨመረ ቁጥር የሚጣፍጥ ይመስለዋል። እዚህ ፊልም ውስጥ ግን ሁለተኛው ውሸት የመጣው የመጀመሪያውን ለማዳን፣ ሦስተኛውም ሁለተኛውን ለማዳን ነው፤ አንዱ ብቻውን የቆመ የለም። ጽሑፋችሁ ውስጥ አንዱን ውሸት አውጥታችሁ ታሪኩ ሳይናጋ ከቆመ፣ ያ ውሸት መጀመሪያውኑ ትርፍ ነበር። ሁለተኛው ስህተት ሰዓት አለመኖሩ ነው። ካትሪን መኪና ውስጥ ታግታ ስትቆይ እኛ በሩን እያየን እንቀመጣለን፤ እሷ በጊዜ ብትደርስ ኖሮ ግማሹ ፊልም አይኖርም። ሦስተኛው፣ ከሁሉ የከፋው፣ ተዋናዩ ራሱ አስቂኝ መሆኑን ማወቁ ነው። አጋዶርን የሚጫወተው ሃንክ አዛሪያ ጫማ ማድረግ ያልለመደ ሰው ሆኖ ሲደናቀፍ ፊቱ ላይ ያለው ጭንቀት ብቻ ነው። ሊያስቀን አይሞክርም፤ ሳህን ላለመጣል ይታገላል።

ስለ ሳህን ካነሳን የሾርባ ሳህኖቹን በሦስተኛው ዙር ድምፅ አጥፍታችሁ ተከታተሉ። ቤቱ ሲራቆት ሁሉም ነገር ተለቅሞ ሲወጣ የተረሱት እነሱ ናቸው፤ የራቁት የግሪክ ወጣቶች ስዕል አለባቸው። ቃል ባትሰሙም ከእንግዶቹ አንገት አዘነባበል፣ ከአርማንድ ዓይን፣ ከማንኪያው አያያዝ ብቻ ምን እየተባለ እንደሆነ ይገባችኋል። ድምፁ ጠፍቶ የማያስቅ የኮሜዲ ትዕይንት ብዙውን ጊዜ አቀራረጹ ሰነፍ ነው። የእኛ ፊልሞች እዚህ ላይ ይጎዳሉ፤ ቀልዱ ሁሉ በአፍ ነው፣ ካሜራው ቆሞ ያዳምጣል።

አርማንድን የሚጫወተውን የሮቢን ዊልያምስን አጨዋወት ለብቻው አጥኑት። በጊዜው በዓለም ላይ ከታወቁት ፈጣን ቀልደኞች አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሌላ ፊልም ደግሞ ሞግዚት መስሎ ቀሚስ ለብሷል። ስለዚህ እዚህ ቀሚሱን አልበርትን ለሚጫወተው ለኔታን ሌን ተወለትና ዝም የሚለውን፣ የሚሸከመውን አርማንድን ያዘ። አንድ የልምምድ ትዕይንት አለ፦ አርማንድ ለአንድ ወጣት ዳንሰኛ የበርካታ የዳንስ አቀናባሪዎችን ስልት በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ተራ በተራ እያስመሰለ ያሳየውና ሲጨርስ ሁሉንም ውስጥህ ያዘው ይለዋል። የዊልያምስ የራሱ ድርሻ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። ሁለት ሰዎች በሚያስቁበት ትዕይንት አንዱ ሲንር ሌላው መሬት መያዝ አለበት፤ ሁለቱም ከናሩ ተመልካቹ የሚይዘው ያጣል። ኩሽና ውስጥ ዊልያምስ ተንሸራትቶ የሚወድቅበት ቦታ ሳይታሰብ የሆነ መሆኑ ይነገራል፤ እሱና አዛሪያ ከገጸ ባሕርያቸው ሳይወጡ ቀጥለውበት ፊልሙ ውስጥ ቀርቷል። ተዋናይ ከሆናችሁ ዳይሬክተሩ «ቁረጥ» እስኪል ድረስ አትቁሙ የሚባለው ለዚህ ነው።

በማን ነው የምንስቀው? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ስለዚህ ፊልም መፍረድ አይቻልም። አልበርት ወንድ መስሎ እንዲቀመጥ ሲሠለጠን፣ ዳቦ ላይ ሰናፍጭ እንዴት እንደሚቀባ፣ እንደ ካውቦይ ተዋናዩ ጆን ዌይን እንዴት እንደሚራመድ ሲማር እንስቃለን። ግን ልብ በሉ፦ ሲራመድ አርማንድ የሚያስተውለው ጆን ዌይን ራሱ እንደዚያ ይራመድ እንደነበር ነው። ቀልዱ «ወንድ» ወደሚባለው አረማመድ ዞረ። በእራቱ ላይ ደግሞ አልበርት ሮዝ ሱፍና የዕንቁ ሐብል አድርጎ እናት ሆኖ ብቅ ሲል፣ ሴናተሩ በሕይወቱ ካያቸው እናቶች ሁሉ በእሱ የተማረከ ይመስላል። ያረጀ ልማድ ናፋቂው፣ ወግ ጠባቂዋ እናት ማን ሆኖ ተገኘ? እዚህ ላይ የሚሳቅበት ቀሚስ የለበሰው ሰው አይደለም፤ ለሚያየው ነገር ዓይን ያጣው ሰው ነው። አንዳንድ ተቺዎች አልበርት የተለመደውን የ«ሴታ ሴት» ምስል ይደግማል ብለው ነቅፈዋል፤ ጩኸቱንና ማልቀሱን ብቻ ካያችሁ ልክ ናቸው። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ኬክ የሚገዛው፣ ስለ ልጁ የሚጨነቀው፣ ልጁ «ዛሬ አትታይብኝ» ሲል የሚሰበረው እሱ ነው።

አርማንድ አልበርት ዘንድ ሄዶ ንብረታቸውን በእኩል የሚያካፍል ውል የሚሰጥበትን ጸጥ ያለ ትዕይንትም አትዝለሉ። ቀልድ የለበትም ማለት ይቻላል። ያለ እሱ የእራቱ ግርግር ባዶ ጫጫታ ይሆን ነበር፤ እዚያ የሚጠፋ ነገር እንዳለ ካላወቅን በሩ ሲንኳኳ አንደነግጥም።

አንድ ድካሙንም ልናገር። ቫል በርካሽ ይለቀቃል። ያሳደገውን ሰው ከቤት አስወጥቶ፣ አባቱን አዋርዶ በመጨረሻ በአንድ ድርጊት ይታረቃል። ሴናተሩም ቢሆን ልቡ ተለውጦ አይደለም፤ ከጋዜጠኛ ለማምለጥ ዊግና ነጭ ቀሚስ አድርጎ በክበቡ መሐል ሲወጣ የሚያማርረው ነጭ እንደሚያወፍረው ነው። እኔ ይህን እወድለታለሁ። ሰባኪው በሁለት ሰዓት ውስጥ ተለውጦ ንግግር ቢያደርግ ማን ያምነዋል?

ሜካፕ ለምትማሩ አጭር ማስታወሻ። ወንድን ለመድረክ ሴት ማድረግ ቀለም ማብዛት ይመስላችኋል፤ የሚበላሸውም በዚያ ነው። የተላጨ ጢም በቆዳው ሥር ባለው የጸጉር ሥር ምክንያት ሰማያዊ ወይም ግራጫ ጥላ አለው። ፋውንዴሽን በቀጥታ ከቀባችሁበት አመድ ይመስላል። መጀመሪያ ብርቱካናማ ማረሚያ በስሱ ጢሙ ላይ ብቻ፣ ለጠቆረ ቆዳ ወደ ቀይ ያዘነበለ፤ ከዚያ ፓውደር፣ ከዚያ ፋውንዴሽን፣ በማሸት ሳይሆን በመጫን። ቅንድብ የሚሸፈነው በውሃ በሚለቅ የዱላ ኮላ ነው፤ ወደ ላይ እያበጠራችሁ በሁለት ሦስት ስስ ንብርብር፣ እያንዳንዱ እስኪደርቅ እየጠበቃችሁ። አንድ ወፍራም ንብርብር ካደረጋችሁ በመብራቱ ሙቀት ላብ ከሥር ገብቶ ይገነጥለዋል። በፊልሙ ያሉትን ልብሶች ያዘጋጀችው አን ሮት ናት፤ የአልበርትን የመድረክ ልብስና ያንን ሮዝ ሱፍ አነጻጽሩ። የእራቱ ልብስ የሚያስቀው አንድም የተጋነነ ነገር ስለሌለበት ነው።

አሁን ወደ ተርጓሚዎች። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ከጀመረ ወዲህ ዳቢንግ ሙያ ሆኗል፤ የግርጌ ጽሑፍ የምትሠሩም በዝታችኋል። ይህን ፊልም በሕዝብ ፊት ማሳየት እንደ አገሩ ሕግ የሚወሰን ነው፤ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 እንደሚያስቀጣ ታውቃላችሁ። ለልምምድ ግን ከዚህ የተሻለ ፈተና አይገኝም፤ እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ የሚያልፈውን አማርኛ «አንተ ወይስ አንቺ?» ብሎ ያስቆማችኋልና። አርማንድ አልበርትን «ና» ይበለው ወይስ «ነይ»? እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ቤት ውስጥ አንተ፤ መድረክ ጀርባ ሲቀላለዱ አንቺ፤ በእራቱ ላይ ሴናተሩና ሚስቱ ሲያናግሩት እርስዎ። «እርስዎ» ጾታ የለውም፤ ውሸቱን በሚገባ ይሸከምላችኋል። በእራቱ መሐል አርማንድ አልበርትን «አንቺ» እያለ ቆይቶ አንድ ጊዜ «አንተ» ብሎ ቢያመልጠው፣ እንግሊዝኛው የሌለው ቀልድ አገኛችሁ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ግን።

መጠኑን ጠብቁ። በላቲን ፊደል ለአንድ መስመር 42 ፊደል የሚፈቀደውን ለእኛ ፊደል ወደ 30 አውርዱት፤ የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ይይዛልና። ሁለት መስመር ከሞላ አምስት ስድስት ሴኮንድ ይቆይ። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚወድቅ፣ እንግሊዝኛው ለመጨረሻ ያስቀመጠው ማሳቂያ ቃል በእኛ ዓረፍተ ነገር መሐል ይቀበራል። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ቆርጦ ማሳቂያውን ብቻውን በሁለተኛው ጽሑፍ ማውጣት ነው። ኮልማን የሚለው ስም ለአዲስ አበባ ተመልካች ምንም አይነግረውም፤ እስራኤል ላሉት ወገኖቻችን ግን ጎልድማን አይሁዳዊ ስም መሆኑ ግልጽ ነው። ማብራሪያ በቅንፍ አትጨምሩ፤ ቀደም ካለ ንግግር ውስጥ «አይሁዳዊ» የሚለውን ቃል ጎላ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ከባዱ ቦታ መጨረሻው አካባቢ ነው። ካትሪን ደርሳ ሁለት እናቶች ሲገጣጠሙ፣ ልጁ ስንት እናት እንዳለው ይጠየቃል። «አንድ ብቻ» ይላል፤ ይህ ቀላል ነው። ዊጉን ከአልበርት ራስ ላይ ያወልቅና እናቴ ይህ ነው ይላል። ወይስ ይህች ናት? «እናቴ እሳቸው ናቸው» ማለት ያምራል፤ ጠዋት የደበቀውን ሰው ማታ በእንግዳ ፊት ማክበር ነው። ጾታ ስለሌለው ግን መደበቁ ባለቀበት ሰዓት መልሶ ይደብቀዋል። እኔ «እናቴ እሱ ነው» እል ነበር፤ የሴት ስምና የወንድ ማሰሪያ ግጭቱ ራሱ ነው የሚያስቀውም የሚነካውም። ጽሑፉን ዊጉ ሙሉ በሙሉ ከወለቀ በኋላ አውጡት፤ ሴናተሩ ነገሩ እስኪገባው ድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ረጅም ነው፣ እዚያ ላይ ምንም አትጻፉ።